ጨው ያልነካው ምስር

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ፤ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለ አንድ የሀበሻ ምግብ ቤት ጓሮ አንድ ሰው ሁለት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜሎች ፒክአፑ ላይ ጭኖ ሄደ። የበርሜሎቹ ክዳን በገመድ ታስሯል። ሰውየው ሲጭን አልቸኮለም፤ ወደ ኋላውም አልተገላመጠም።

ይህን ያየሁት ከጓሮው ማዶ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ነው። የተቀመጥኩትም በአጋጣሚ አልነበረም። የምግብ ቤቱ ባለቤት አንድ ቀን ቀደም ብላ ጠርታኝ ነበር። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ እትዬ እያልኩ አንቺ የምላት፣ ለረጅም ጊዜ የማውቃት ሴት ናት። ከሌላው ደንበኛ ራቅ አድርጋ ጥግ ላይ አስቀመጠችኝና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንተ ዕድሜህን ሙሉ ለጋዜጣ ስታጣራ የኖርክ ሰው ነህ። ይሄን ሰውዬ አጣራልኝ።»

«ምን አደረገሽ?»

«ምንም። የኩሽናውን ትራፊ ይወስድልኛል። የት እንደሚወስደው ግን ሰው እያወራ ነው።»

«አንቺ አልጠየቅሽውም?»

«ጠይቄዋለሁ። ለዶሮ ነው ብሎኛል።»

«አላመንሽውም?»

«እኔማ አምኜዋለሁ። ያላመነው ሰው ነው።»

ወሬው የመጣው በክፉ ሰዓት ነበር። በዐቢይ ጾም ወቅት በሰንበትና ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑ የሚበሉትን የጾም ምግብ የሚያዘጋጅ ምግብ ቤት አጥቢያው በዚያው ሰሞን ሊመርጥ ነው። ለእሷ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጥብስና ክትፎ የሚፈልገው ደንበኛ በጾም ይጠፋል፤ የዚያን ወቅት ኪራይ የሚሸፍንላት የቤተ ክርስቲያኑ ምግብ ብቻ ነው። «ይሄንን ካጣሁ ለፋሲካ በሩ ዝግ ነው» አለችኝ። ስትናገር የጠረጴዛውን ጨርቅ በእጇ እያለሰለሰች ነበር።

ሥራ ስጀምር ሁልጊዜ ወሬውን ከምንጩ እለያለሁ። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚወራውን ሰበሰብኩ።

ወጥ የምትሠራው ሴት ኩሽናው በር ላይ አገኘችኝና፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የነገረችኝ እንዲህ የሚል ነው፤ ሰውየው የሚወስደው ምስር ከድስቱ ተቀንሶ የሚቀመጠው ጨው ሳይገባበት ነው።

«ጨው የሌለው ምግብ ማን ነው የሚበላው? ሰው አይበላውም። ዶሮም ቢሆን ረቡዕና ዓርብ ብቻ የሚበላ ዶሮ የት አለ? ለእነዚያ ነው።»

«እነማን?»

«በጾም ስማቸው አይጠራም» አለችና ገባች፤ አጋንንት ማለቷ ነበር።

መንገዱን ተሻግሮ ያለው የሸቀጥ ሱቅ ባለቤት ደግሞ ጉዳዩን ዘግቶታል። «ድርቆሽ ነው የሚሠራው! የተቀደደ እንጀራ፣ ዓይን ያላወጣ እንጀራ፣ ሁሉን ሰብስቦ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ከዚያ በፌስታል አሽጎ ለእኔው መልሶ ይሸጥልኛል።»

«ሸጦልሃል?»

«እስካሁን አልሸጠልኝም። ግን አየሁ ያለኝ ሰው አለ።»

«ማን?»

«እሱን ተወው።»

እውነቱን ለመናገር ለእኔም ከሁሉ ይበልጥ የሚያስኬደው የድርቆሹ ወሬ ነበር። ትራፊ ለሚሰበስብ ሰው ጥሩ ገበያ ነው፤ በዚህ ከተማ ቁርሱን በድርቆሽ ፍርፍር የሚጀምር ሀበሻ ብዙ ነው። ግን ጨው የሌለው ምስር ድርቆሽ አይሆንም። የጎመን ግንድም አይሆንም፤ ረቡዕ ዕለት በርሜሉ ሲዘጋ የጎመን ግንድ ወደ ውጭ ወጥቶ አይቻለሁ። ሁለት ነገር ከመላ ምቴ ጋር አልገጠመም። ቢሆንም ቤቴ ያለውን ድርቆሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልነካሁትም።

ዓርብ በዚያው ሰዓት ሰውየው በርሜል ሲያነሳ ከመኪናዬ ወርጄ ሄድኩ። ዕድሜው አርባን ያለፈ፣ ክንዱ ጠንካራ፣ ፊቱ የተረጋጋ ሰው ነው። በዲቪ የመጣ፣ ዌስትውድ አካባቢ አንድ አዛውንት እየተንከባከበ የሚኖር መሆኑን አስቀድሜ ሰምቻለሁ። ከመምጣቱ በፊት ቢሾፍቱ መኖ ማቀነባበሪያ ውስጥ ይሠራ እንደነበር ግን አላወቅኩም ነበር።

«ሰላም ጋሼ» አለኝ ቀድሞ። «ረቡዕም መኪና ውስጥ ቁጭ ብለህ አይቼሃለሁ።»

«ይሄን የት ነው የምትወስደው?»

«ሩቅ ነው።»

«ለምን?»

«ለከብት።»

«ምን ዓይነት ከብት?»

ገመዱን አጥብቆ ጨረሰ። «ሶ፣ ልትጽፈው ነው?»

«መጀመሪያ ልየው።»

«ኦኬ። መኪናህን እዚሁ ፓርክ አድርጋትና ና። ድራይቭ የማደርገው እኔ ነኝ። ደግሞ ስታይ እንዳትጮህ።»

«ስንት ነገር አይቻለሁ። አልጮህም።»

«እናያለን» አለና ሳቀ። ሳቁን አልወደድኩትም።

ወደ ሰሜን፣ ተራራውን አልፈን ወደ በረሃው ሜዳ ነዳን። መኪናው ውስጥ የቦካ ሊጥ ይሸታል። ሰውየው መዝሙር ከፍቶ አብሮ ያዜማል፤ ዜማውን አሳምሮ ያውቀዋል። መዝሙር የሚያዜም ሰው ይበልጥ እንድጠረጥር ያደርገኛል፤ ለምን እንደሆነ ግን በዚያን ጊዜም ልገልጸው አልቻልኩም።

ከከተማው ስንወጣ የመኖ መደብር ጋ ቆመ። ከረጢቶቹን እየዞረ ይመርጣል። ከአንዱ ገብስ በእጁ ዘግኖ አሸተተና መለሰ፤ ሻጋታ ነክቶታል አለኝ። ከሌላው ዘግኖ በጥርሱ ሰበረውና ወሰደ። የአኩሪ አተር ፋጉሎ አነሳ። አልፋልፋ የተባለውን ደረቅ ሣር አነሳ። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ያለበት ትንሽ ከረጢት አነሳ። በመጨረሻ የማዕድንና የቫይታሚን ቅልቅል ያለበትን ሲያነሳ የከረጢቱ ፊት ወደ እኔ ዞረ። ላዩ ላይ የአሳማ ሥዕል ነበር።

ሥዕሉን አየሁት። ማየቴንም አየ።

«አልጮህክም» አለ።

«አልጮህኩም።»

«በል እሺ። የቀረውን እንሂድ።»

እርሻው የአንድ ሽማግሌ ሜክሲኳዊ ነው። የኛ ሰው ከእሱ ጋር በሽርክና ይሠራል፤ ሽማግሌው ከብቱን ይይዛል፣ የኛ ሰው መኖውን ያዘጋጃል። ከጎተራው ፊት ሸራ ላይ እንጀራ ተሰጥቷል። የሸቀጥ ሱቁ ባለቤት ቢያየው ኖሮ ከደስታው ብዛት ያለቅስ ነበር።

«ይሄ ድርቆሽ አይደለም?» አልኩት።

«ድርቆሽ ነው። የእነሱ ድርቆሽ» ብሎ በአገጩ ወደ ጋጣው አመለከተኝ።

አንዲት እርጉዝ እናት አሳማ ለብቻዋ ተኝታለች። በሌላው ክፍል የሚያድጉ ግልገሎች አሉ። በአጠገቡ ቆሜ ሲቀላቅል አየሁ፤ ያየሁትንና የነገረኝን ለየብቻ እጽፋለሁ።

ያየሁት ይህ ነው። ለግልገሎቹና ለእናትየዋ አንድ ዓይነት ምግብ አልሰጠም። ለግልገሎቹ ምስሩንና ፋጉሎውን አበዛ። ለእናትየዋ እንጀራውን ቀንሶ አልፋልፋውን አበዛ። የሚጨምረውን ሁሉ በሚዛን ይመዝናል። ከበርሜሉ የመጣው ሁሉ፣ የደረቀው እንጀራም ሳይቀር፣ በትልቅ የብረት ድስት ፈልቶ ነው የሚሰጠው።

የነገረኝ ደግሞ ይህ ነው።

«እንጀራ ጉልበት ይሰጣል። እንጀራ ብቻ ካበላሃቸው ግን ስብ ይሆናሉ እንጂ አያድጉም። ገላ የሚሠራላቸው ምስርና አተር ነው። ለግልገሎቹ እሱም ብቻውን አይበቃም፤ ለዚህ ነው አኩሪ አተር የምገዛው። እናትየዋን ደግሞ ካወፈርካት ስትወልድ ትቸገራለች፣ ልጆቿ ላይም ትተኛለች፤ ሆዷ የሚሞላው በሣር ነው። ኖራው ለአጥንት ነው። እኔ ቢሾፍቱ የዶሮ መኖ ነበር የማውቀው። አሳማን እዚህ መጥቼ ነው የተማርኩት፤ እሱም ገድዬ ነው የተማርኩት።»

«ምን ገድለህ?»

ሚዛኑን አስቀመጠ። «ባለፈው ዐቢይ ጾም ነው። በርሜሉ ሞልቶ መጣ፤ ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ክክ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጨውን አላሰብኩትም። ለሰው የጣፈጠ ወጥ ምን ያህል ጨው እንዳለው የሚያስብ አለ? በዚያ ላይ የውኃ መጠጫቸው ተደፍኖ ኖሯል። በማግስቱ ስመጣ ግድግዳውን በግንባራቸው እየገፉ ቆመዋል። ይዞራሉ፤ ይወድቃሉ። እናታቸው ሞተች።»

ሽማግሌው ሜክሲኳዊ ቋንቋውን ሳይሰማ ወሬውን ያወቀው መሰለኝ፤ ባርኔጣውን አውልቆ አየን።

«ከዚያ በኋላ ነው» አለ የኛ ሰው፣ «ምስሩ ጨው ሳይገባበት እንዲቀነስልኝ ያደረግኩት። ሽንኩርትም አይሆናቸውም፤ ልጣጩ እንኳ እንዲለይልኝ አስደረግኩ።»

«ረቡዕና ዓርብ ብቻ የምትወስደውስ?»

«ሥጋ የነካው ትራፊ ለአሳማ ችግር ነው፤ በሽታ ያመጣል ተብሎ በሕግ የተያዘ ነው። ሽማግሌው የማፍላት ፈቃድ አለው፣ ቢሆንም ሥጋ ያለበትን ጭራሽ አልቀበልም ብሎኛል። በዚያ መንገድ ላይ በጾም ቀን ሥጋ የማታሠራ እትዬ ብቻ ናት። ሌሎቹ ዓርብም ጥብስ ያወጣሉ። ለዚህ ነው የምወስደው ከእሷ ብቻ። ጾሙ ሲገባ ደግሞ በየቀኑ ነው የምመጣው።»

በኋላ ደውዬ አጣራሁ። ስለ ሕጉ የነገረኝ በመሠረቱ እውነት ነው፤ ደንቡ እንዲያውም ከተናገረው ይከራል።

«አንተስ ትበላለህ?» አልኩት።

«እ! ጋሼ ደግሞ! እኔ በእጄም አልነካቸውም፤ ጓንት አለኝ» ብሎ ጓንቱን አሳየኝ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በባዶ እጁ የአንዱን ግልገል ጆሮ ሲያክ አየሁት።

ከመመለሳችን በፊት ዋናውን ጥያቄ ጠየቅኩት። «ጨውና ሽንኩርቱን እንድትለይልህ ለእትዬ ስትነግራት ለምን እንደሆነ ነግረሃታል?»

«ነግሬያታለሁ።»

«ለአሳማ ብለህ?»

«ለአሳማ ብዬ።»

«ለዶሮ ነው ብሎኛል ትላለች።»

ባዶዎቹን በርሜሎች በውኃ ማጠብ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው የበርሜሎቹን ከንፈር ልብ ያልኩት። ሁሉም ተነክሰዋል። አሳማ ምግቡ ሲዘገይ የበርሜል ጠርዝ ያኝካል፤ ፕላስቲኩ ላይ የጥርስ ፈለግ ጥልቅ ሆኖ ይቀራል።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ እትዬ ሄድኩ። ምግብ ቤቱ ባዶ ነበር። ተቀመጥኩና እንዳለ ነገርኳት፦ «አሳማ ነው።»

የማን አሳማ ነው፣ የት ነው ብላ አልጠየቀችኝም። መጀመሪያ ያለችው «ለማን ነገርክ?» ነው።

«ለማንም።»

«ድርቆሽ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለች። «ድርቆሽ ቢሆን ሰው ይጣላኛል እንጂ አይጸየፈኝም። የተጣላኝም ሌላ ሰው ሲያስታርቀን ይመለሳል። በዚህ ግን አንድ ሀበሻ እጁን አይታጠብልኝም።»

«ነግሬያታለሁ ይላል።»

«ይዋሻል።»

«ሽንኩርቱን እንድትለዪለት አልጠየቀሽም?»

«ጠይቆኛል። ዶሮ ሽንኩርት አይወድም አለኝ።»

ፊቷን አየሁት። ሰው ሲዋሽ ፊቱ እንዲህ ይሆናል የሚሉ አሉ። እኔ ግን ስንቱን ፊት አይቼ ተሳስቻለሁና ከፊት ላይ ምንም አልወስድም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የምግቡን ኮሚቴ የሚመሩት ሽማግሌ አዳራሹ ውስጥ በምልክት ጠሩኝ። ድሮ ለትምህርት የመጡ፣ ጡረታ የወጡ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው።

«ከተራራው ማዶ ሄደህ ነበር አሉ» አሉኝ።

ማን እንዳለ አልጠየቅኳቸውም። በፌርፋክስ መንገድ ላይ አንድ መኪና ቆሞ ሲውል ባለቤቱ የት እንደሄደ ለማወቅ ብዙ አያስፈልግም።

«ሄጃለሁ ጋሼ።»

«አሳማ ነው?»

«አሳማ ነው።»

«በኩሽናዋ የአሳማ ሥጋ ይገባል?»

«አላየሁም። ይገባል የሚል ምልክትም አላገኘሁም።»

«ከኩሽና የሚወጣው አያሳስበኝም» አሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ። «ወጥቶ የሄደ ሄዷል። የሚመለሰው ነው የሚያሳስበኝ። በርሜሉ ባዶውን ይመለሳል?»

«ይመለሳል።»

«ምን ዓይነት በርሜል ነው?»

«ሰማያዊ።»

«ሊጧንስ በምን ነው የምታቦካው?»

ኩሽናዋን አውቀዋለሁ። የእንጀራ ሊጥ የሚቦካባቸው በርሜሎች ከግድግዳው ሥር ተደርድረው ነው የሚቆሙት። ሰማያዊ ናቸው።

እኔ ሰውየውን ስከተል፣ እሳቸው ከአዳራሹ ሳይወጡ ጥያቄውን አግኝተውታል። ይህን በልቤ አልኩ እንጂ አልነገርኳቸውም። የነገርኳቸው ስለ ተነከሰው ጠርዝ ነው። «ከእርሻው የተመለሰ በርሜል ሁሉ ከንፈሩ ላይ ጥርስ አለበት። ከሊጧ በርሜሎች አንዱ እንኳ ከዚያ የመጣ ከሆነ ጠርዙ ይናገራል።»

«ነገ እንሂድ» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ሳንነግራት ደረስን። እሷ ግን የጠበቀችን ትመስላለች፤ ሻሿን አስራ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ቆማለች። የምንፈልገውን ስንነግራት የበርሜሎቹን ክዳን ራሷ እያነሳች መሬት ላይ አኖረች።

«እዩ! እዩ እንግዲህ! ጣታችሁን ከዚያ ዝቅ ብታደርጉ ግን ሊጤን ታበላሹብኛላችሁ!»

«ከጠርዙ አናልፍም» አሉ ሽማግሌው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ስንት ዓመት ሙሉ እንጀራዬን በልተው እንዲህ ያደርጉኛል?»

«የበላሁ ስለሆንኩ ነው የመጣሁት የኔ እመቤት።»

ወጥ ሠሪዋ ድስቷን ትታ መጣችና ካጠገባችን ቆመች። ከመጀመሪያው በርሜል ጀምረን፣ እሳቸው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው፣ የእያንዳንዱን ጠርዝ በጣታችን ዞርነው። ለስላሳ ነው። የሚቀጥለውም ለስላሳ ነው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው፣ መልሰው አድርገው፣ የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። ከአንዱም ላይ የጥርስ ምልክት አላገኘንም። ወጥ ሠሪዋ አማተበች።

ስንወጣ ሽማግሌው ጓሮው ላይ ቆሙ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ታውቅ ነበር?»

«ሁለት ቃል ሰምቻለሁ። እሱ ነግሬያታለሁ ይላል። እሷ ለዶሮ ነው ብሎኛል ትላለች። ማስረጃ የለኝም።»

«አንተ ምን ትላለህ?»

«ማስረጃ የለኝም ነው የምለው ጋሼ።»

ተመልሰው ገብተው አነጋገሯት። በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁ። የጾሙ ምግብ የእሷ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዚያ ሰው ከኩሽናዋ ምንም አይወጣም። ቃል ስጪኝ አሏት።

«አንዲት ቅጠል አትወጣም» አለች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ነበር።

ፒክአፑን ከዚያ ወዲያ ጓሮው ላይ አላየሁትም። አንድ ቀን ለሰውየው ደወልኩለት። «መኖ ከየት እያገኘህ ነው?» አልኩት። «እግዚአብሔር ይሰጣል ጋሼ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። የሸቀጥ ሱቁ ባለቤት ስለ ድርቆሽ ማውራቱን አላቆመም።

ዐቢይ ጾም ገባ። በመጀመሪያው ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ምግቡ የመጣው ከእሷ ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን በካሮት። ሽማግሌው ቀድመው ቆርሰው በሉ፤ ከዚያ ሌላው በላ። ሳህን ላይ የተረፈ አላየሁም።

ባዶዎቹን ትሪዎች ወደ ምግብ ቤቱ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። በጓሮው በኩል ገባሁ። ከአሥር ሰዓት ጥቂት አልፎ ነበር። ኩሽናው ውስጥ ሰው አልነበረም፤ ድምፅዋ ከፊት ለፊት ክፍል ከደንበኛ ጋር ይሰማል። ሰማያዊ በርሜል ጓሮው ላይ የለም። ከበሩ ጀርባ ግን፣ ከፊት ሲገባ በማይታይበት በኩል፣ ክዳናቸው ጠብቆ የተገጠመ ሁለት ነጭ ባልዲዎች ነበሩ።

ትሪዎቹን አስቀምጬ የመጀመሪያውን ከፈትኩ። የጎመን ግንድ፣ የካሮት ጫፍ፣ የጥቅል ጎመን የላይ ቅጠል ነው። በዚያ ኩሽና በጾም ቀን ከረጢት ሙሉ ሽንኩርት ይከተፋል። እስከ ታች በእጄ አገላበጥኩት። አንድ የሽንኩርት ልጣጭ የለበትም።

ሁለተኛውን ከፈትኩ። የተቀቀለ ምስር ነው፤ ገና ሙቀቱ አልወጣም። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት።

ጨው የለውም።